ሰርተፍኬቱ ላይ ቀኑ ለምን ይሸሻል? የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ረዘም ስለሚል ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ሰላም ላንተ። እኔ ሳቢያን ያለ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትየባ ላይ ማንም አይቀድመኝም፣ ልክ የሚፈልግ ሥራ ሲመጣ ግን እታመማለሁ። አንድ ማሠልጠኛ ባዶ ሰርተፍኬት አሳትሞ 140 አመጣልን፣ እኛ ስም፣ የኮርሱን ስምና ቀን ብቻ ነው የምናስገባበት። ወርድ ላይ በቴክስት ቦክስ ሠራሁት። ስሙን እየገፋሁ እየገፋሁ መስመሩ ላይ አሳረፍኩት፣ ታች ያለው ቀን ግን ወደ ላይ ይሸሻል። ቀኑን ሳስተካክል ደግሞ ስሙ ይሄዳል። በሌላኛው ፕሪንተር ስሞክረው ጭራሽ ሌላ ነገር ሆነ። እስካሁን 9 ሰርተፍኬት አበላሽቻለሁ። በዛ ላይ የአንድ እድር መተዳደሪያ ደንብ በኤ5 ቡክሌት እንድሠራ ተሰጠኝና እኔ ጋ 31 ገጽ የነበረው ማተሚያ ቤት ሲከፍቱት 34 ሆነ። አንዱ ኢንዲዛይን ተማሪ ይለኛል፣ ሌላው ኮረል፣ ወንድሜ ደግሞ ካንቫ ይበቃሻል ይላል። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው። አለቃዬ ለሶፍትዌር ብዙ ብር አያወጣም። የቱን ልማር? ግራ የገባኝ ከሳቢያን።»

አቦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ 9ኙ ሰርተፍኬት አትጨነቂ፣ እኔ ካበላሸሁት አንፃር ምንም ማለት አይደለም። ማተሚያ ቤት ስሠራ ለ200 የሠርግ ካርድ ጀርባውን እስከ ጠርዝ ድረስ ቀይ አድርጌ ዲዛይን ሠራሁ፣ ግን ቀለሙን ልክ ካርዱ የሚያልቅበት ላይ አቆምኩት፣ ሲቆረጥ ቢላው ግማሽ ሚሊ ፈቀቅ ሲል በአንድ በኩል ነጭ ክር የመሰለ ነገር ወጣ፣ 200ውም ላይ። ሙሽራው አላየውም ነበር፣ እናቱ ናቸው ያዩት። ከደሞዜ ተቆርጦ እንደገና ታተመ። ከዛ ቀን ጀምሮ ቀለሙን በአራቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሳላስወጣ (ብሊድ የሚሉት እሱን ነው) ፋይል አስረክቤ አላውቅም። ይህን የነገርኩሽ ዝም ብዬ አይደለም፣ ያኔ የምሠራው ባለሙያ በሚባለው ሶፍትዌር ነበር። ሶፍትዌሩ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ልኩ የጠፋው ከስክሪኑ እስከ ቢላው ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ያንቺም የሰርተፍኬት ነገር እንደዛ ነው የሚመስለኝ፣ ስለዚህ የቱን ልማር ከማለትሽ በፊት ልኩ የት ጋ እንደሚጠፋ እንፈልግ።

አንድ ነገር ሞክሪልኝ። ወርድ ላይ ባዶ ገጽ ከፍተሽ ልክ 100 ሚሊ ሜትር ማለትም 10 ሴንቲ የሆነ መስመር አንዱን በቁም አንዱን በአግድም አስምሪ፣ ሁልጊዜ እንደምታትሚው አድርገሽ አትሚው፣ ከዛ በማስመሪያ ለኪው። የጨርቅ ሜትር እንዳይሆን፣ የተማሪ የፕላስቲክ ማስመሪያ ይሻላል፣ ከዜሮዋ ጭረት ጀምሪ እንጂ ከማስመሪያው ጫፍ አይደለም። 100 ከወጣ ጥሩ። 97 ከወጣ ግን (እኔ 97 ነው የምለው፣ እንወራረድ) ችግርሽን አገኘነው።

ለምን 97? ወርድ ብዙ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ገጹን ሌተር የሚባለው የአሜሪካኖች ወረቀት ላይ አድርጎ ነው የሚከፍተው። ሌተር ወርዱ 216 ቁመቱ 279 ሚሊ ነው። ኤ4 ደግሞ 210 በ297። እኛ አገር ሱቁ ሁሉ የሚሸጠው ኤ4 ነው፣ ፕሪንተርሽ ውስጥም ያለው እሱ ነው፣ ታዲያ 216ቱ 210 ውስጥ አይገባማ! ወርድ ውስጥ ደግሞ አድቫንስድ በሚለው ኦፕሽን ሥር ፕሪንት የሚለው ጋ ስትወርጂ፣ ወረቀቱ ኤ4 ከሆነ ወይ ሌተር ከሆነ ጽሑፉን አሳንሼ ላስገባልህ የምትል ምልክት አለች፣ ማንም ሳይነካት ገና ከመጀመሪያው ተደርጋ ነው የምትመጣው። ዝም ብላ ታሳንሰዋለች፣ አትነግርሽም። 210ን ለ216 ስታካፍይው 97 በመቶ ይመጣል። አሁን ሰርተፍኬቱን አስቢው፦ ከላይ 90 ሚሊ ላይ ያለው ስም በ3 በመቶ ሲቀንስ ወደ 2 ሚሊ ተኩል ገደማ ይሸሻል፣ ታች 170 ላይ ያለው ቀን ግን 5 ሚሊ ሊሸሽ ነው። ስሙን ገፍተሽ ስታስተካክይው ቀኑ አሁንም እንደሸሸ ነው፣ ለዚህ ነው ሁለቱ አንድ ላይ ልክ የማይመጡት።

ከዚህ ውስጥ የምታስታውሽው አንድ ነገር ካለ ይቺ ትሁን፣ እኔ በስንት ዓመት ነው የገባችኝ። ስህተቱ ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ማሳነስ ወይ ማሳደግ ነው ያለው፣ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጊው። ስህተቱ ከላይም ከታችም እኩል ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁሉም ነገር 3 ሚሊ ወደ ግራ ከሄደ፣ ወረቀቱ ትሪው ላይ የተቀመጠበት ቦታ ነው ወይ ማርጅኑ ነው፣ ሁሉንም በአንድ ላይ 3 ሚሊ ገፍተሽ ትገላገያለሽ። ከወረቀት ወረቀት የሚለያይ ከሆነ ደግሞ፣ አንዱ ልክ፣ ሁለተኛው ትንሽ ጠመም፣ ሦስተኛው እንደገና ልክ ከሆነ፣ የፕሪንተሩ ወረቀት መሳቢያ ጎማ ነው፣ ምንም ሶፍትዌር አያድንሽም። የድሬ አቧራ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ጎማው ላይ ዱቄት እንደነሰነሰ ይሆናል፣ በተለይ ደረቅ ያለ የሰርተፍኬት ወረቀት ሲገባ ይንሸራተታል። ማሽኑን አጥፍተሽ በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ጎማውን ጥረጊው፣ ትሪው ላይ ያሉትን የወረቀት መያዣዎች ወረቀቱን እስኪነኩ አጥብቂያቸው፣ ሰርተፍኬቱንም አምስት አምስት እያደረግሽ አስገቢ። «በሌላኛው ፕሪንተር ጭራሽ ሌላ ነገር ሆነ» ያልሽው አይገርመኝም፣ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ አመል አለው፣ ለአንድ ሥራ አንድ ፕሪንተር ያዢና እሱ ላይ ጨርሺ።

«ቀኑን ሳስተካክል ስሙ ይሄዳል» ያልሽው ግን ሌላ በሽታ ነው። የድሬን ወንዝ ደቻቱን የምታውቂ ልጅ ነሽ፣ እዚህ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ውኃው እኛ ጋ ይደርሳል። ወርድም እንደዛው ነው፣ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች እንደሚሄድ ውኃ ነው የሚታየው፣ ላይ አንድ ኢንተር ስትመቺ ታች ያለው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ቴክስት ቦክስሽም አንድ አንቀጽ ላይ የታሰረ ነው፣ አንቀጹ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሳጥኑን ራይት ክሊክ አድርገሽ ሞር ሌይአውት ኦፕሽንስ የሚለው ውስጥ ግቢ፣ ፖዚሽን ላይ አብሶሉት የሚለውን ምረጪና ከፔጅ እንዲለካ አድርጊ፣ ከፓራግራፍ ወይ ከማርጅን ሳይሆን ከፔጅ፣ በአግድምም በቁምም። ከዛ እዛው ሥር ሙቭ ኦብጀክት ዊዝ ቴክስት የምትለዋን ምልክት አጥፊያት። አሁን ሳጥኑ ከወረቀቱ ጫፍ ስንት ሚሊ ላይ እንዳለ በቁጥር ነው የምታስገቢው፣ በማውስ መግፋት የለም። ሰርተፍኬቱን በማስመሪያ ለክተሽ ቁጥሩን ጻፊ፣ አለቀ። ስሞቹን ደግሞ አንድ በአንድ እየተየብሽ እንዳትሞቺ፣ ኤክሴል ላይ 140ውን ስም ደርድሪና በሜል መርጅ (ወርድ ስሞቹን ከዝርዝሩ ራሱ እየወሰደ የሚሞላበት ነው) አስገቢያቸው። ረጅም ስም ያለው ሰው አይጠፋም፣ የአያትም ስም ጨምሩልኝ የሚል ይኖራል፣ ሳጥኑን ለዛ ሰፋ አድርጊለትና ጽሑፉን መሃል አድርጊው።

ስለዚህ ለሰርተፍኬቱ ሥራ አዲስ ሶፍትዌር አያስፈልግሽም። ወርድ በቂ ነው። ገጹን ኤ4 አድርጊ፣ ያቺን የምታሳንስ ምልክት አጥፊ፣ ሳጥኖቹን ከፔጅ ለኪ።

ቡክሌቱ ሌላ ወሬ ነው። እዛ ላይ ወርድ የሚታማበት ምክንያት አለው፣ ግን 31ዱ 34 የሆነው መጀመሪያ በፎንት ምክንያት ይመስለኛል። በምን ጻፍሽው? ብዙ ሰው ኒያላ ነው የሚጠቀመው። ኒያላ ድሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ነበር የሚመጣው፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ለብቻው ካልተጨመረ አይገኝም፣ አብሮ የሚመጣው ኤብሪማ ነው። ስለዚህ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ኒያላ ከሌለ ወርድ ዝም ብሎ በኤብሪማ ይተካዋል፣ ፊደሉ ወርዱም ቁመቱም ይለያል፣ መስመሩ ሌላ ቦታ ይሰበራል፣ ገጹ ይገፋል፣ 31 የነበረው 34 ይሆናል። በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይ ቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ከሆነ የተጻፈው ደግሞ ይባስ፣ እነሱ ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ሁሉ የሚስማማበት የፊደል ቁጥር) ስላልሆኑ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ እንደ ስድብ ነው የሚመጣው። የኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፣ እስከ ዛሬ በድሮዎቹ መጻፍ ምን ይባላል? እኔ ለደንብና ለመጽሐፍ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እጠቀማለሁ፣ ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ፣ በፍላሽ ለማተሚያ ቤቱ ብትሰጪያቸውም ማንም አይከስሽም። ግን ከሁሉ በላይ የወርድ ፋይል አትስጪ። ፒዲኤፍ ስጪ፣ ፎንቱ ውስጡ ስለሚቀበር አንቺ ያየሽውን ነው እነሱም የሚያዩት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቡክሌት፣ መጽሔት፣ ካርድ፣ ሁሉም ነገር በሚሊ ሜትር ቦታው ላይ እንዲቆም የሚፈለግበት ሥራ ከሆነ በፍሬም የሚሠራ ፕሮግራም ያስፈልግሻል። ፍሬም ማለት ገጹ ላይ መጀመሪያ ሳጥን ትተክያለሽ፣ ከግራ ስንት፣ ከላይ ስንት፣ ወርዱ ስንት፣ ቁመቱ ስንት ብለሽ፣ ከዛ ጽሑፉን ውስጡ ታፈሻለሽ፣ ጽሑፉ ቢበዛ ሳጥኑ አይንቀሳቀስም፣ የተረፈውን ወደ ሚቀጥለው ገጽ ሳጥን ታስተላልፊያለሽ።

ኢንዲዛይን ለዚህ ሥራ ምርጡ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን የሚሠራው ኩባንያ አዶቤ ነው፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲሶቹን ገዝተሽ የራስሽ አድርገሽ የምታስቀምጪበት ነገር የለም፣ በየወሩ በዶላር የሚከፈል ነው፣ ለዛ የሚሆን ካርድ ደግሞ ከየት ይመጣል። ራሙም 8 ጊጋ ይፈልጋል፣ ያንቺ 4ቱ ላይ ክሊክ አድርገሽ ሻይ ጠጥተሽ መመለስ ነው። «ክራኩን (ሳይከፈልበት የተሰበረውን) እሰጥሻለሁ» የሚል ልጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም በፍላሽ ተቀብዬ ነበር፣ ሠራልኝ፣ ወር ሙሉ ደስ አለኝ፣ ከዛ አንድ ጠዋት የደንበኞች ፋይል ሁሉ ስሙ ተቀይሮ የማይከፈት ሆኖ ጠበቀኝ። ያንቺ ደግሞ የራስሽ ብቻ አይደለም፣ የሰው መታወቂያ ኮፒ፣ የሰው ውል፣ የሰው ማመልከቻ ያለበት ቤት ነው የምትሠሪው። ይቅርብሽ።

ኮረል ለአንድ ገጽ ሥራ፣ ለካርድ፣ ለባነር፣ ለሎጎ አሪፍ ነው፣ ብዙ የማውቃቸው ባነር ሠሪዎች ከሱ ወርደው አያውቁም። ለ31 ገጽ ደንብ ግን ያደክማል፣ ጽሑፍ ማስተዳደር ላይ አይመችም፣ እሱም ብር ነው። ፎቶሾፕ ላይ ሙሉ ካርድ ከነጽሑፉ የሚሠሩ አሉ፣ እባክሽ ከነሱ አትማሪ፣ ጽሑፉን ወደ ስዕል ቀይረው ሲልኩት የጭ እና የጬ እግር ተጨማልቆ አንዱ ከሌላው አይለይም። ካንቫ ለወንድምሽ ይሁንለት፣ ለቴሌግራም ፖስተር ማንም አይደርስበትም፣ ግን ኢንተርኔት ሲሄድ ሥራሽም አብሮ ይሄዳል፣ ለማተሚያ በሲኤምዋይኬ (ማተሚያ ቤት በሚያትምባቸው አራት ቀለሞች) ማውረድም የሚከፈልበት ነው። ማይክሮሶፍት ፐብሊሸርን ደግሞ ማንም ቢመክርሽ አትጀምሪው፣ ማይክሮሶፍት ራሱ ከኦክቶበር 2026 በኋላ አልደግፈውም ብሏል።

ለአንቺ የምለው ስክራይበስ የሚባለውን በፍሬም የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ክራክ የለው ፈቃድ የለው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሠራል፣ 4 ጊጋ ራም ላይ ባይሮጥም ይራመዳል። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣውን 1.6 ወይ ከሱ በኋላ ያለውን አውርጂ እንጂ የሆነ ሰው ፍላሽ ላይ ያለ አሮጌ እንዳታስገቢ፣ በአዲሱ የተሠራ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም። ፍሬም መርጠሽ ኤፍ2 ስትጫኚ ትንሽ ሳጥን ይመጣል፣ እዛ ላይ ኤክስ (ከግራ)፣ ዋይ (ከላይ)፣ ስፋት፣ ቁመት በቁጥር ታስገቢያለሽ። ዩኒቱን መጀመሪያ ሚሊ ሜትር አድርጊው፣ ሲከፈት ፖይንት ሊሆን ይችላል፣ ፖይንት ማለት የኢንች 72ኛ ናት፣ ከሚሊ ሜትር ሲሶ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ በሷ ማሰብ ለኛ ይከብዳል። ብሊድ የሚያስገባ ቦታ አለው፣ ሲኤምዋይኬ ያውቃል፣ ፒዲኤፍ ስታወጪ ደግሞ ጽሑፍ ከፍሬም ተርፎ ከሆነ ወይ ፎቶሽ ጥራቱ ካነሰ ቀድሞ ይጮህልሻል፣ ይሄ ጩኸት ስንት ብር እንዳዳነኝ።

ክፋቱንም ልንገርሽ፣ ሌላ ቦታ ሄደሽ እንዳትሰሚው። ሰንጠረዥ ላይ ደካማ ነው፣ ብዙ ሰንጠረዥ ያለው ሥራ ከሆነ ታለቅሻለሽ። ሜል መርጅ ውስጡ የለም፣ ለብቻው የሚጨመር ስክሪፕት አለ፣ ለዛ ነው ሰርተፍኬቱን ወርድ ላይ ተይው ያልኩሽ። ከወርድ ኮፒ አድርገሽ ስትለጥፊ ባዶ ጽሑፉ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ቦልዱም ርእሱም ይጠፋል። ይሄ ክፋት ቢመስልም ለእድር ደንብ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም አንቀጽ 1፣ አንቀጽ 2 እያለ ስለሚሄድ ሁለት ስታይል (ስም የተሰጠው የፊደል ዓይነትና መጠን) ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ፣ አንዱ ለአንቀጽ ርእስ፣ አንዱ ለጽሑፉ፣ ኋላ የእድሩ ዳኛ «ፊደሉ አነሰ፣ ሽማግሌ አያነበውም» ሲሉ ስታይሉን አንድ ቦታ ቀይረሽ ሁሉም ይቀየራል። (ይላሉ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው 12 አድርጊው።)

ቡክሌቱን ስትሠሪ የማይረሳ ነገር ቢኖር የገጹ ብዛት ነው። መሃሉ ላይ በስቴፕለር የሚሰፋ ቡክሌት ገጹ በ4 መካፈል አለበት፣ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ 4 ገጽ ስለሚሆን። 31 የሚባል ነገር የለም፣ 32 ነው፣ አንዷን ባዶ ገጽ ለአባላት ፊርማ ወይ ለማስታወሻ ስጫት። ኤ5 148 በ210 ነው፣ ገጹን ከመጀመሪያው በዚህ ልክ ክፈቺው እንጂ ኤ4 ላይ ሠርተሽ «ማተሚያ ቤት ያሳንሱታል» አትበይ፣ 12 የነበረው ፊደል 8 ተኩል ሆኖ ነው የሚወጣው። በመታጠፊያው በኩል ያለውን ማርጅን ሰፋ አድርጊ፣ እኔ 18 ሚሊ እሰጠዋለሁ፣ በውጭ በኩል 15። ገጾቹን ግን ራስሽ እያጣመርሽ 32ን ከ1 አጠገብ ለማድረግ አትድከሚ፣ በተራ ቁጥራቸው አውጪው፣ ማጣመሩ የማተሚያ ቤቱ ሥራ ነው።

ስለ አማርኛው ትንሽ ላውራ፣ ማንም የማይነግርሽ ይሄን ስለሆነ። ግራና ቀኙን እኩል የሚያደርገውን ጀስቲፋይ ሁሉም ሰው ይወደዋል፣ ኤ5 ላይ ግን አስቀያሚ ነው። የኛ ቃል ረጅም ነው፣ «በመተዳደሪያ ደንባችን እንደተደነገገው» ብሎ አንድ መስመር ላይ ሦስት አራት ቃል ብቻ ሲቀር ፕሮግራሙ መሃላቸው ያለውን ክፍተት እየለጠጠ ጥርሱ የወለቀ ሰው ያስመስለዋል። እንግሊዝኛው ቃሉን በሰረዝ እየከፈለ ያመልጣል፣ እኛ አሁን እንደዛ አንጽፍም። በግራ ብቻ አሰልፊው፣ ቀኙ ያልተስተካከለ ይሁን፣ ለዓይን ይሻላል። አራት ነጥብን ደግሞ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመቱ የሚጽፉ ትየባ ቤቶች አሉ፣ አንቺም ካለሽበት ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ አድርገሽ ሁሉንም ወደ አንዱ ። ቀይሪያቸው። ከአራት ነጥቡ በፊት ስፔስ የመምታት ልማድ ካለሽ እሱንም ተይው፣ መስመሩ ሲሞላ አራት ነጥቡ ብቻውን ወርዶ የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ይቆማል፣ በር ላይ እንደቀረ እንግዳ።

ወደፊት አለቃሽ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ከገዛ አፊኒቲ የሚባለውን የዲዛይን ፕሮግራም እይው። ድሮ በብር ነበር፣ ካንቫ ከገዛው በኋላ በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነፃ አድርጎታል፣ የካንቫ አካውንት ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ከስክራይበስ ያምራልም ይፈጥናልም። ያንቺ 4 ጊጋ ላይ ግን አልመክርም።

ሐረማያ ያለ ተማሪ ቴሲስ በሌቴክ ሊያሠራሽ ቢመጣ ደግሞ ለራሱ ተይለት፣ በኮድ የሚጻፍ ነው፣ ሂሳብ ለበዛበት ጽሑፍ ወደር የለውም ግን ለጽሕፈት ቤት ሥራ አይሆንም። ወሬው ግን ደስ ይላል። ዶናልድ ክኑዝ የሚባለው የኮምፒውተር ሊቅ በ1977 እ.ኤ.አ. የራሱ መጽሐፍ ለእርማት ተሠርቶ ሲመጣለት የፊደሉ አቀማመጥ አስጠላውና፣ ለምን እኔ ራሴ አልሠራውም ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ሌቴክ የተሠራበትን ቴክን አወጣ። ቴክ ውስጡ የሚለካባት ትንሿ ልክ የአንድ ፖይንት 65,536ኛ ናት፣ በዓይን ከሚታየው የብርሃን ሞገድ ራሱ ያነሰች። አስቢው፣ ሶፍትዌሩ እዛ ድረስ ልክ ነው፣ ያንቺ ፕሪንተር ጎማ ግን አቧራ ላይ ሲንሸራተት 2 ሚሊ ይስታል።

አሁን ቀሪዎቹን 131 ሰርተፍኬቶች እንዴት እንደምትሠሪያቸው ልንገርሽ። ሰርተፍኬት ላይ አትሞክሪ፣ ተራ ኤ4 ላይ አትሚ። ፒዲኤፍ አድርገሽ ከሆነ የምታትሚው፣ ፕሪንት ስትይ የሚመጣው መስኮት ላይ ፊት (Fit፣ ወረቀቱ ውስጥ እንዲገባ አድርግ ማለት ነው) የሚለውን ትተሽ አክችዋል ሳይዝ ወይ 100 በመቶ የሚለውን ምረጪ፣ እዛም ላይ ማሳነስ አለች። ከዛ ያተምሽውን ወረቀት ባዶ ሰርተፍኬቱ ላይ ደርበሽ አራቱን ማእዘን አጋጥመሽ መስኮት ላይ ለጥፈሽ እይው፣ የድሬ ፀሐይ አንድ ጊዜ እንኳን ለጽሕፈት ቤት ትጥቀም፣ የሥሩ መስመር ጥርት ብሎ ይታይሻል። ስሙም ቀኑም መስመራቸው ላይ ከቆሙ አንድ ሰርተፍኬት ብቻ አስገቢ። ልክ ከሆነ አምስት። ከዛ ቀጥይ፣ ግን በየሃያው እየቆምሽ አንዱን አንስተሽ እይ፣ ሲሞቅ የሚለወጥ ፕሪንተር አለ። የተበላሹትን 9ኙን ደግሞ አትደብቂ፣ ለማሠልጠኛው ዛሬውኑ ንገሪያቸው፣ ብዙ ጊዜ ትርፍ አሳትመው ነው የሚያስቀምጡት።

ያቺ 100 ሚሊ መስመር ስንት ሆና እንደወጣች ግን ጻፊልኝ። 97 ካልሆነች ውርርዱን ተበላሁ ማለት ነው፣ ያኔ የሁለቱንም ፕሪንተር ስምና ሞዴል ላኪልኝና እንደገና እንጀምረዋለን።